የርቀት ለቅሶ ሙከራ

የሰው ልጅ ጨለማን ለመዋጋት ያልሞከረው የለም። ኩራዝ ለኮሰ፤ ፋኖስ ሰቀለ፤ ግድብ ገደበ፤ አምፖል አንጠለጠለ። እነዚህ ሁሉ በጎ ጥረቶች ግን አንድ የጋራ ጉድለት ነበረባቸው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ በቪዲዮ የሚያለቅስ ለቀስተኛ ፊቱ በምን መሣሪያ ቢታይ ይሻላል ለሚለው አንገብጋቢ ጥያቄ አንዳቸውም መልስ አልነበራቸውም። ይህን ታሪካዊ ክፍተት የሞላው በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚገኝ አንድ የሰፈር እድር ነው። ሌላው ዓለም ይህን እስካሁን አለመስማቱ የሌላው ዓለም ጥፋት እንጂ የእድሩ አይደለም።

የሥራው ፊታውራሪ የእድሩ ዳኛ አቶ ፀሐዩ ነበሩ። አቶ ፀሐዩ ዕድሜያቸውን በባቡር ጣቢያ አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ንግግራቸው ረዘም ያለ፣ ኮታቸውን በበጋ ጠራራ እንኳ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ለዳኛነቱ የተመረጡት ለሁለት ዓመት ነበር። የሚገርመው ታዲያ፣ ያ ሁለት ዓመት እስካሁን አላለቀም። የሥልጣን ዘመን የሚያልቀው በምርጫ ነው፤ ምርጫ የሚካሄደው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ከግማሽ በላይ አባል ካልተገኘ ጉባኤ አይባልም። አባሉስ የት አለ? ገሚሱ ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ገብቷል፤ ገሚሱ ሳሪስ ሱቁን ከፍቶ ተቀምጧል፤ የቀረው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የተወለደበትን ቀን ይረግማል።

ስለዚህ ጉባኤ በተጠራ ቁጥር አቶ ፀሐዩ ባዶዎቹን ወንበሮች በትካዜ ይመለከቱና፣ «የአባላት ተሳትፎ አሳሳቢ ደረጃ ላይ ደርሷል» ብለው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ቀጥለውም «ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ምርጫው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ይላሉ። ሐዘናቸው ከልብ ነበር። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ደረጃው ላይ ማፏጨታቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

በዚህ ነገር የሚበግን ሰው ቢኖር ቢቂላ ነበር። ቢቂላ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ አለቃ ነው፤ ለዳኛነቱም በዕጩነት ከቀረበ ቆይቷል። ዕጩነቱ ከመርዘሙ የተነሳ ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ዕጩው» ይለው ጀምሯል። አቶ ፀሐዩም በመንገድ ሲያገኙት ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ዴሞክራሲ ትዕግሥት ይፈልጋል» ይሉታል። ምክር መስጠት ይወዳሉ፤ ማን ይጠላል?

ጉባኤ መቅረቱን እንኳ ሁሉም ችሎት ነበር። ለቅሶ መቅረት ሲመጣ ግን ነገሩ ነውር ሆነ። አንድ ሐዘን ላይ ድንኳኑ ውስጥ ከሐዘንተኞቹ ሌላ የተገኙት አቶ ፀሐዩ፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ አቻምየለሽና የእድሩ ወንበሮች ብቻ ነበሩ። አቶ ፀሐዩን ነገሩ ያን ዕለት እንቅልፍ ነሳቸው። በማግስቱ ሲነሡ ግን መፍትሔው በእጃቸው ነበር፤ የርቀት ለቅሶ።

አሠራሩ ዘመኑን የዋጀ ነበር። አባሉ ካለበት ሆኖ ቪዲዮ ይደውላል፤ ፊቱን ለሐዘንተኛው ያሳያል፤ ቢቻል ያለቅሳል፤ ባይቻል ከንፈሩን ይመጥጣል፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ፊቱ የታየ እንደ መጣ ይቆጠራል፤ ያልታየ እንደ ቀረ። የባቡር ሰው ናቸውና ከዚህ ያጠረ መንገድ አልታያቸውም።

ምን ያደርጋል፣ የመጀመሪያው አፈጻጸም ባልተጠበቀ ተግዳሮት ተደናቀፈ። አንዱ አባል ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ከብርድ ልብስ ውስጥ ደወለ። አንዱ ከሚኒባስ የኋላ ወንበር፣ ሌላው ከመጋዘን ጥግ። ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጠው ስልክ ላይ የታየው ግን ጨለማ ብቻ ነበር፤ ከአንዱ ጥርስ፣ ከሌላው የመነጽር ብልጭታ። ሐዘንተኛዋ ሴትዮ ጨለማውን በየተራ ሲያሳዩዋቸው ቆዩና በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ኧረ ይህን ጨለማ አንሱልኝ!» አሉ። «የራሴው ይበቃኛል!»

እንግዲህ ኮሚቴ ያልተቋቋመለት ችግር ችግር አይባልምና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ፀሐዩ፣ አባላቱ ወይዘሮ አቻምየለሽና ሳሪስ ላይ የሞባይል ሱቅ ያለው ሀይረዲን ሆኑ። ተልዕኮው አንድ ነበር። በደካማ ብርሃን ለለቅሶ የሚሆነው የታብሌት የፊት ካሜራ ነው ወይስ የስማርት ስልክ?

«ታብሌት ነው» አሉ አቶ ፀሐዩ ስብሰባውን ሲከፍቱ። ልጃቸው ለፋሲካ የሰጠቻቸው ታብሌት ጉልበታቸው ላይ ነበር። «ትልቅ ነገር ትልቅ አድርጎ ያሳያል። ውይይቱ ይቀጥል።»

«ጋሼ፣ ትልቁ እኮ መስታወቱ ነው፤ ካሜራውማ ምኑ ትልቅ ነው?» አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ። «የኔ ስልክ መብራት በሌለበት ጓዳ ውስጥ እንኳ ጥርት አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። እንዲያውም አሳምሮ!»

«እሱ ነው እኮ ጉዱ!» አቶ ፀሐዩ ከወንበራቸው ተነሡ። «አሳምሮ! ለቅሶ ላይ ተቆነጃጅቶ የሚመጣ ማነው? ሐዘንተኛዋ ሙሽራ ስታይ ምን ይሰማታል?»

«ታዲያ መታየት አይደለም እንዴ የተፈለገው?»

«መታየት ብቻ? አዝኖ መታየት ነው እንጂ!»

ሁለቱም ወደ ሀይረዲን ዞሩ። ሀይረዲን ሁለቱንም ይሸጣል፤ ስለዚህ አስተያየቱ ሚዛናዊ ነበር።

«ሁለቱም አሪፍ ናቸው» አለ። «ታብሌቱ በጨለማ ፊት ላይ ትንሽ አሸዋ ይበትናል። ስልኩ ደግሞ ትንሽ ይዋሻል። እንግዲህ እንደ ደንበኛው ፍላጎት ነው።»

ነገሩ በክርክር የሚፈታ ስላልሆነ በተግባር እንዲሞከር ተወሰነ። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ፤ በማግስቱ እሑድ ለስንተኛ ጊዜ የተጠራ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር፤ አቶ ፀሐዩም የሙከራውን ውጤት ለባዶ ወንበሮቹ በሪፖርት መልክ ለማቅረብ ጓጉተዋል። ሙከራው ሳይንሳዊ ይሆን ዘንድ ሁሉም ነገር እንደ እውነተኛው መሆን ነበረበት። በብሎኮቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፤ መጋረጃዎቹ ወረዱ። ሀይረዲን ከሱቁ ትልቅ ቴሌቪዥን አምጥቶ በእድሩ ጠረጴዛ ላይ አቆመ፤ ስልኩን ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኝቶ ካሜራውን ወደ ድንኳኑ አዙሮ አስደገፈ። ጠረጴዛው በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፤ እድሩ ሌላ ቀለም ያለው ጨርቅ የለውም። አምፖሉ ቴሌቪዥኑ ላይ እያንጸባረቀ ሲያስቸግር ወይዘሮ አቻምየለሽ አጠፉትና በምትኩ ከጎኑ ሁለት ጧፍ አበሩ።

አቶ ፀሐዩ በበኩላቸው አራተኛ ፎቅ፣ ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው ቢሾፍቱ ክርስትና ሄደዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ግጥም አድርገው ዘጉ፤ በሩን ቆለፉ፤ ጥሪ ሙከራውን እንዳይረብሽ ባለ ቁልፏን የራሳቸውን ስልክ አጠፉ፤ ጆሯቸው ውስጥ ማዳመጫ ሰኩ። አልጋው ላይ ሁለቱ ተፎካካሪዎች ተጋድመዋል፤ የራሳቸው ታብሌትና የወይዘሮ አቻምየለሽ ስልክ።

መጀመሪያ በስልኩ ደወሉ። ወዲያው የድንኳኑ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ጎልማሳ ብቅ አለ። ግንባሩ ለስልሷል፤ ጉንጩ ሞላ ብሏል፤ ፂሙ ጠቁሯል። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ፊቱ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ያበራል።

«ማሻ አላህ!» አለ ሀይረዲን። «ጋሼ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?»

«አላልኩም?» አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ። «አላልኩም እንዴ?»

«አያችሁ!» የአቶ ፀሐዩ ድምፅ ከላይ በድል አድራጊነት ተሰማ። «ይህ ፊት ለቅሶ የመጣ ፊት ነው? ይህ ሚዜ ነው! ለሐዘን ብቁ አይደለም። ይመዝገብልኝ።» እንዲህ ይበሉ እንጂ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ራሳቸውን ሳይንስ ከሚጠይቀው በላይ ትንሽ ቆየት ብለው አይተዋል።

ቀጥሎ የታብሌቱ ተራ ሆነ። ፊታቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ሲመጣ ወይዘሮ አቻምየለሽ አማተቡ። አመድማ ነው፤ ላዩ ላይ አሸዋ የተበተነበት፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ዓይኑ ያለበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ነው።

«ይኸውና!» አሉ አቶ ፀሐዩ ደስታቸውን መቆጣጠር እያቃታቸው። «ሐዘን ማለት ይህ ነው! ቆይ ደግሞ በተሟላ አቋም ልቅረብላችሁ።» አሉና አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን አጠበቁ።

በዚህ ቅጽበት ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆመ። ደርቆ ቀረ። የቴሌቪዥኑ ድምፅም ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ማፏጨት ሲጀምር ሀይረዲን ድምፁን ዘጋው። ገመዱን ወዘወዘ፤ ቴሌቪዥኑን ከጎኑ መታ መታ አደረገው፤ ምንም የለም።

«ገመዱ ነው» አለ። «ሳሪስ ሌላ አለኝ። ምንም ነገር እንዳይነኩ እትዬ። መጣሁ።» ይህን ብሎ ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ «መጣሁ» ያለ ሰው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው የቃሊቲ መንገድ ብቻ ነው።

ወይዘሮ አቻምየለሽ ብቻቸውን ቀሩ። ስልካቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ የሀይረዲን ስልክ አይነካም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀመጡ። ሰልችቷቸው ነበር። በጧፍ ብርሃን ላያቸው ሰው ግን የተሰላቸ ሰው አይመስሉም።

የሚያያቸው ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ መጣ። የሁለተኛ ፎቋ ወይዘሮ በላይነሽ ሽንኩርት ገዝተው ሲመለሱ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሎ አዩ። እዚህ አገር ድንኳን አይተው የሚያልፉ እግሮች ገና አልተፈጠሩም። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ። ጥቁር ጨርቅ፤ ጧፍ፤ በመካከሉ አንገታቸውን ዘንበል፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደረጉ አመድማ አቶ ፀሐዩ። ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ወይኔ ጋሽ ፀሐዩን! ወይኔ ጉዴ!»

«ኧረ በላይነሽ፣ አልሞቱም!» ወይዘሮ አቻምየለሽ ብድግ አሉ።

«እውነትሽን ነው፣ እንዴት ይሞታሉ! ዛሬ ጠዋት እኮ ደረጃ ላይ አግኝተው ሲቆጡኝ ነበር!»

«አልሞቱም እኮ ነው የምልሽ! እላይ ናቸው!»

«እሱማ የት ይሄዳሉ፣ እላይ ነው እንጂ!» ወይዘሮ በላይነሽ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ።

ጩኸቱን ሰምቶ ብሎኩ ወረደ። ከማዶው ብሎክም መጣ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ለገባው ሁሉ «አልሞቱም!» ይላሉ፤ የገባው ሁሉ «አይዞሽ እህቴ፣ እኛም አላመንነውም» ይላቸዋል። ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ሰው ይበልጥ ያዝንላቸዋል። «ክፉኛ ደንግጣለች» ተባለና ፊታቸው ላይ ውሃ ተረጨ። ሁለት ጎረምሶች ለማጣራት አራተኛ ፎቅ ወጥተው በሩን ደበደቡ፤ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ የሰካ ሰው በር አይሰማም። «ቤቱ ተቆልፏል፤ መጋረጃው ተዘግቷል፤ ስልካቸውም አይሠራም» ብለው ተመለሱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አስከሬኑ ሆስፒታል እንደሆነ ወዲያው ታወቀ። ለባለቤታቸው መርዶው በማግስቱ ማለዳ በሽማግሌ እንዲነገር፣ እስከዚያው ማንም ወደ ቢሾፍቱ እንዳይደውል ስምምነት ላይ ተደረሰ።

ወይዘሮ አቻምየለሽ ተከራክረው ተከራክረው ደከሙ። ግራና ቀኙ ያለቅሳል፤ አንገታቸው ላይ የተጠመጠመ ሁሉ ያለቅሳል። ለቅሶ ቤት ደረቅ ዓይን ይዞ መቀመጥ ደግሞ ሲያድጉ አልተማሩም። አምና የቀበሩት ወንድማቸው ትዝ አላቸው፤ ከዚያማ ማን ያስቆማቸው! የእድሩ ብቸኛ የዓይን ምስክር በዚህ ሁኔታ ለሐዘኑ ተማረኩ።

አሁን ወደ አራተኛ ፎቅ እንውጣ። አቶ ፀሐዩ «በቃ፣ ዓይንዎን ይክፈቱ» የሚላቸው ሲያጡ በታማኝነት እንደተጨፈኑ ቆይተው ነበር። የነቁት በጆሯቸው በገባው ዋይታ ነው። የተበላሸው ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ገመድ እንጂ የሀይረዲን ስልክ አይደለም፤ ስልኩ ድንኳኑን ከነሙሉ ድምፁ ወደ ታብሌታቸው ይልካል። ቢያዩ ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። ስማቸው እየተጠራ ደረት ይደቃል።

«አለሁ!» ብለው ታብሌቱ ላይ ጮኹ። «ኧረ አለሁ! እኔ ነኝ!» ማን ይስማቸው፤ በዚያ በኩል ድምፁ ተዘግቷል።

ኮታቸውን አነሡ። አንድ እጃቸውን አስገብተው ወደ በሩ ሲያመሩ የወይዘሮ በላይነሽ ድምፅ አስቆማቸው።

«እንደሳቸው ያለ ትሑት ከየት ይመጣል! ሰው አክባሪ፣ ለሰው አሳቢ!»

አቶ ፀሐዩ ቆሙ። ዞሩ። «ትንሽ ሰምቼ ልውረድ» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ቸርነታቸውስ!» አለ አንዱ። «እጃቸው አይታጠፍም ነበር!»

እውነት ለመናገር ይህኛው ለራሳቸውም አዲስ ነገር ነበር። ቢሆንም በጥሞና አዳመጡ። ሰዉ ደግሞ ከዚህም ከዚያም ይጎርፋል። የሳሪስ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ የነበረው ሰልፉን ጥሎ በእግሩ መጣ፤ ቢቂላም የፈረቃውን ሠራተኛ ከነሰርቪስ አውቶብሱ ይዞ ከች አለ። አንድም ሰው በቪዲዮ አልደወለም። አቶ ፀሐዩ ይህን ያህል አባል እንዳላቸው እንኳ አያውቁም ነበር።

«ለካ ይወዱኛል» አሉ ለብቻቸው። በሕይወታቸው እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ደስታቸው ውስጥ ደግሞ ሥራ የለመደ ጭንቅላታቸው አንድ ነገር አሰበ። እንዲህ የሚወደድ ሰው ነገ ምርጫ ቢኖር ምን ያስፈራዋል? የምስጋናው ጫፍ ላይ ሲደርስ ወርጄ ብቅ እላለሁ ብለው ወሰኑ። ለጫፉ ግን ገና ነበር።

ይህን ጊዜ ሀይረዲን ገመዱን ይዞ ከሳሪስ ተመለሰና ሕዝቡን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ።

«ማን ነው?»

«ጋሽ ፀሐዩ!»

«አሁን እኮ! አሁን አነጋግሬአቸው እኮ ነው የሄድኩት!»

«ሞት እንደዚያ ነው ወንድሜ፣ ጊዜ አይሰጥም።»

«ያ አላህ!» ሀይረዲን ጭንቅላቱን ያዘ። «ፊታቸውን ሳየው ልክ አልነበረም! አመድ መስሎ ነበር! እኔ እኮ ካሜራው መስሎኝ!»

ገመዱን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሲያበቃ ተቀመጠና አለቀሰ። የሟች ፎቶ ከፊት እያለ ቴሌቪዥን መነካካት ነውር መስሎታል።

በመጨረሻ ቢቂላ ተነሣ። አቶ ፀሐዩም ታብሌቱን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

«እኔና ጋሽ ፀሐዩ ተፎካካሪ ነበርን» አለ ቢቂላ ዓይኑን እየጠረገ። «ዛሬ ግን እመሰክራለሁ። ትሑት ናቸው፣ ቸር ናቸው፣ ተተኪ የማይገኝላቸው መሪ ናቸው። ይህንን ጉባኤው በአንድ ድምፅ ይቀበልልኝ።»

ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተቀበለ። «ይኸው ጫፉ!» አሉ አቶ ፀሐዩ፤ ሁለተኛውን እጅጌ ለማስገባት ተነሡ።

«ሁለተኛ» አለ ቢቂላ።

አቶ ፀሐዩ እጅጌው ግማሽ ላይ ቆሙ።

«ነገ ቀብር አለ። ቀብር ያለ ዳኛ አይሆንም። ማን ያዛል? ማን ያስተባብራል? ደግሞ እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ይህን ያህል ሆነን ተገናኝተን እናውቃለን? ምልዓተ ጉባኤ እኮ ተሟልቷል።»

ሰዉ ዙሪያውን ተመለከተ። እውነትም ተሟልቷል። አብዛኛው አባል እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነበርና ድንኳኑ ውስጥ የአድናቆት ጉርምርምታ ተሰማ።

«ቢቂላ ይሁን» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ በለቅሶ መካከል። «እሳቸውም በሕይወት ቢኖሩ ደስ የሚላቸው ይኸው ነበር።»

«አይለኝም!» አቶ ፀሐዩ ታብሌቱ ላይ ጮኹ። «ምንም ደስ አይለኝም!»

በድንኳኑ ውስጥ እጅ ወጣ። ሁሉም እጅ። የወይዘሮ አቻምየለሽም፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ በግራ እጃቸው።

አራት ፎቅ ደረጃ አቶ ፀሐዩን በዚያ ፍጥነት ሲያወርድ ታይቶ አይታወቅም። ኮታቸው በአንድ ትከሻ፣ ማዳመጫው ከአንገታቸው ተንጠልጥሎ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መተረክ ያስቸግራል። ወንበር ተገለበጠ፤ ጧፉ ጠፋ፤ ያማተበ አማተበ፤ የሸሸ ሸሸ። ሕያው መሆናቸው ሲታወቅ ደግሞ እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ በላይነሽ ጉንጫቸውን አገላብጠው ሳሙ፤ ሀይረዲን እግራቸው ላይ ሊወድቅ ቃጣው።

«ይኸው!» አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ እንባቸውን እየጠረጉ። «አልሞቱም አላልኳችሁም?»

አንድ ሰው አምፖሉን አበራ፤ ሌላው የድንኳኑን መጋረጃዎች በአራቱም በኩል ገለጣቸው። የከሰዓት ፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ ፈሰሰ። አቶ ፀሐዩ ትንፋሻቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ እጃቸውን አነሡ።

«ምርጫው ውድቅ ነው!»

«ለምን ጋሼ?» አለ ቢቂላ በአክብሮት።

«አልሞትኩማ!»

«እሰየው፣ ዕድሜ ይስጥልን። ግን ጉባኤው የወሰነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እርስዎ ትሑት፣ ቸር፣ ተተኪ የማይገኝልዎ መሪ መሆንዎን። ሁለተኛ፣ ተተኪዎን። ሁለቱም የተወሰኑት አንድ ላይ ነው፤ ሞተዋል ተብሎ። አንዱ ውድቅ ከሆነ ሌላውም ውድቅ ነው። እንደሚሉን እንሁን።»

አቶ ፀሐዩ አንድ ጊዜ የዳኛውን ወንበር አዩ፤ አንድ ጊዜ ሕዝቡን አዩ። «ውድቅ» ቢሉ ነገ ጉባኤ አለ፤ ነገ ደግሞ ማንም እንደማይመጣ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ወንበሩ የዕድሜ ልካቸው ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ምስጋና ጆሯቸው ውስጥ ገና ይሞቃቸዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ሲመሩ እንዲህ ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም። ይህን ማጣት ከበዳቸው።

«ይጽደቅ» አሉ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ። «ሁለቱም ይጽደቅ። ብቻ... አንደኛውን አንዴ ድገሙልኝ። ቀስ ብላችሁ። ፊት ለፊት ልስማው።»

ጭብጨባው ድንኳኑን ነቀነቀው። አዲሱ ዳኛ ቢቂላ ጉሮሮውን ጠርጎ የመጀመሪያ የሥራ ተግባሩን ጀመረ።

«በአንደኛ ደረጃ፣ አቶ ፀሐዩ ትሑት...»

ከፊት ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። የወይዘሮ በላይነሽ ነበር፤ እንባቸው ገና ጉንጫቸው ላይ አልደረቀም።

«በእሱ ላይ ማሻሻያ አለኝ» አሉ።

«ምን ማሻሻያ?» አቶ ፀሐዩ ደነገጡ። «አንቺው አይደለሽም እንዴ ያልሽው? እያለቀስሽ ስትናገሪ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ!»

«ብያለሁ ጋሼ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ፣ በፀሐይ ብርሃን ከእግር እስከ ራሳቸው እየተመለከቷቸው። «ያኔ ግን ብርሃኑ ደካማ ነበር፤ በደንብ አልታዩኝም።»